ለማን ትንገረው?
(ስለ ፅንስ ማስወረድ ሕግና ሥነ ምግባር የተደረገ ጥናት)



ባለፈው ወር በእሑድ የጥናት ሰዓታችን፣ «ፅንስ ማስወረድ ኃጢአት ነውን? በሕግስ ሊፈቀድ ይገባልን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ነገሩ ቀላል መስሎን ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ጠቅሰን ልናልፈው ስንል፣ ከእኅቶቻችን አንዷ ተነሥታ፣ «ባለፈው ዓመት ከመዘምራን መካከል የቀረችው ልጅ ችግሯን ከእኛ ለማን ልትነግረው ትችል ነበር?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ስሟን አንጠራም። ስለ እርሷ አንድ ወሬ ሰማን፤ ወሬውን ከመመርመር ይልቅ ሰላምታ ቀነስን። እርሷም መምጣት ተወች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በድብቅ ፅንስ አስወርዳ፣ ብዙ ደም ፈስሷት ሐኪም ቤት ተኝታ እንደ ነበር ሰማን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። እኛ ግን የእኅታችንን ጥያቄ መመለስ ስላቃተን፣ ጉዳዩን ከሥሩ ልንመረምረው ወሰንን። ያገኘነውንም እነሆ።

፩. ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማስወረድን ወንጀል አድርጎ ሲደነግግ፣ በር የከፈተው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ይኸውም የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤንነት ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ለዚያም የአንድ ሐኪም ቃል አይበቃም፤ ሁለተኛ ሐኪም በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረበት። ተገዳ የተደፈረች ሴት ብታስወርድ እንኳ ቅጣቱ ሊቀልላት ይችል ነበር እንጂ ድርጊቱ ወንጀል ከመሆን አይወጣም ነበር።

ሆኖም ሕጉ ድርጊቱን አላስቀረውም። ገንዘብ ያላት ሐኪም ፈልጋ በምስጢር ስታስደርግ፣ የሌላት ወደ መንደር አዋቂ ሄደች። ሐኪም ቤቶችም ቆስለውና ደማቸው ፈስሶ የሚመጡ ብዙ ሴቶችን ይቀበሉ ነበር። ለእናቶች ሞት ዋና ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፣ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነገሩን እንደ አዲስ አየው። ብዙ ሰው «መንግሥት ፈቅዷል» ይላል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ፅንስ ማስወረድ ዛሬም በመሠረቱ ወንጀል ነው። አንቀጽ 551 የማያስቀጣ ያደረገው በሚከተሉት ሁኔታዎች ብቻ ነው፤

ሀ) እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የተፈጸመ እንደ ሆነ፤
ለ) የእናቲቱን ወይም የፅንሱን ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል እንደ ሆነ፤
ሐ) ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ፤
መ) እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት፣ ወይም በዕድሜዋ ለጋነት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል እንደ ሆነ።

ከባድ ድህነት ግን በአንቀጽ 550 ቅጣት ማቅለያ እንጂ ፈቃድ አልሆነም።

ውጤቱስ? በ2008 እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት፣ በአገሪቱ ከሚፈጸሙት ውርጃዎች በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የሚደረጉት ከመቶ 27 ያህል እንደ ነበሩ ገምቷል። ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲደገም በጤና ተቋም የተደረጉት ከመቶ 53 ደርሰዋል። እንግዲህ ከግማሽ ጥቂት የሚያንሱት ያን ጊዜም ከጤና ተቋም ውጭ ይፈጸሙ ነበር ማለት ነው። ሕግ በር ቢከፍት እንኳ፣ ሰው እንዳያያት የምትፈራ ልጅ በዚያ በር አትገባም።

፪. አባቶች ምን ወሰኑ?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በማኅፀን ያለውን ሕይወት የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ያያል። ነቢዩ ኤርምያስ ከመወለዱ በፊት እንደ ተመረጠ፣ ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅም በእናቱ ማኅፀን ሳለ በደስታ እንደ ዘለለ ሁላችን ተምረናል። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም ብሎ መለያየትን አልተቀበለም፤ ድርጊቱንም ነፍስ ከማጥፋት ቆጥሮታል።

ብዙዎቻችን ያላወቅነው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ዛሬ አንካራ በምትባለው ከተማ በ314 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ አባቶች ይህን ጉዳይ መርምረው ነበር። ከእነርሱ በፊት የነበረው ሥርዓት እንዲህ ያደረገችውን ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ከምስጢራት ያገልል ነበር። እነርሱ ግን አቅልለው የንስሐውን ጊዜ ዐሥር ዓመት አደረጉት። ቅዱስ ባስልዮስም ዐሥሩን ዓመት ተቀብሎ፣ ፈውሱ የሚለካው በንስሐዋ ዓይነት እንጂ በጊዜው ርዝመት እንዳይደለ አስተምሯል። ዐሥር ዓመት ለእኛ ጆሮ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ አባቶች ድርጊቱን ነፍስ ማጥፋት ብለው ሳለ፣ ለሴቲቱ የመመለሻ በር መክፈታቸውን ልብ እንበል። እኛ ግን በአንድ ወሬ ብቻ፣ ያለ ዳኛና ያለ ቀኖና፣ በሩን ዘጋነው።

፫. ክርክሩ የቱ ላይ ነው?

በውይይታችን ብዙ ያነጋገረን አንቀጽ 552 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ሴቲቱ ተደፍራ እንዳረገዘች ለማስረዳት የራሷ ቃል ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሚቃወሙት እንዲህ አሉ፤ «ቃል ብቻ ከበቃ ሐሰት የምትናገር ሁሉ ታልፋለች። በማኅፀን ያለው ልጅ ግን ጠበቃ የለውም። ጉድለት አለበት ተብሎ የሚወገድ ከሆነማ፣ አካል ጉዳተኞች ወንድሞቻችንን በምን ዐይን ልናያቸው ነው?»

የሚደግፉትም መለሱ፤ «የፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪወጣ ዘጠኝ ወር ያልፋል። የደፈራት የገዛ ዘመዷ ቢሆንስ ማን ይመሰክርላታል? የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሰውነቷ ላይ የደረሰውን ዐደባባይ ቆማ እንድታስረዳ ማስገደድ ሁለተኛ መከራ ነው።»

ሌሎች ደግሞ መካከለኛ ሐሳብ አመጡ። ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑን ያምናሉ፤ ሆኖም ኃጢአት ሁሉ በወህኒ ቤት የሚቀጣ አይደለም፤ ሴቲቱን ንስሐ አባት እንጂ ፖሊስ ሊቀድማት አይገባም አሉ። ለዚህም የተቃወሙት፣ ሕግ ደካማውን ካልጠበቀ ምን ሊጠብቅ ነው ሲሉ መለሱ።

ስለ ሕጉ ሁላችንም አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም፤ ይህንንም አንደብቅም። አንድ ነገር ግን አላከራከረንም። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 8 ሴቲቱን ብቻዋን ይዘው አመጧት። በሙሴ ሕግ ግን ወንዱም እኩል ተጠያቂ ነበር። ወንዱ የት ሄደ? በእኛ ወሬ ውስጥም ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

፬. እኛስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ያስደበቀው ማን ነው? በማኅፀን ያለው ሕይወት ይጠበቅ የምንል ከሆነ፣ ያን ሕይወት የተሸከመችውን ሴት መሸከም ግዴታችን ነው። ያረገዘችውን ልጅ ከማኅበር አስወጥተን፣ ቤተሰቧ ሲያባርራት ዝም ብለን፣ ካስወረደች በኋላ ብቻ ስለ ፅንሱ ብናለቅስ ልቅሷችን ዘግይቷል።

ጥናታችንን ስንጨርስ ሁለታችን ተወክለን ወደዚያች እኅት ቤት ሄድን። በሩን የከፈቱልን እናቷ ነበሩ። ትንሽ አዩንና፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ነው የመጣችሁት?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። እትዬ ግን ቡና አፍልተው አስቀመጡን። ልጅቱ ከጓዳ ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠች፤ ብዙ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ስንወጣ ግን፣ «እሑድ ጥናቱ ስንት ሰዓት ነው አሁን?» አለችን። እስከ ዛሬ አልመጣችም። ወንበሯን ግን አላነሣነውም።

የጥናት ጥያቄዎች

1. በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግና ዛሬ በሚሠራበት ሕግ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በኃጢአትና በወንጀል መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።
3. አንዲት እኅት ነገ ችግሯን ብትነግራችሁ፣ በመጀመሪያ ምን ትሏታላችሁ? ወደ ማንስ ትወስዷታላችሁ?
4. ወንድሞች ብቻ ይመልሱት፤ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።