ሁሉም ምስክር የሆነበት ቤት

“ጋሼ፣ ዛሬ ፖሊስ ካሜራ አለው፤ ከአንዲት ፀጉር ወንጀለኛውን የሚለይ ላቦራቶሪም አለው። በፈረስ ጋሪና በጋዝ መብራት ዘመን የተጻፈ የወንጀል ምርመራ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚነበበው ለምንድን ነው?”

ጠያቂዋ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት። ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

“መሣሪያው አርጅቷል፤ ጥያቄው ግን አላረጀም። ሸርሎክ ሆልምስን ታውቂዋለሽ?”

“በፊልም።”

“አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ሲያመጣው ለመጽሐፉ ሙሉ መብት 25 ፓውንድ ብቻ ነበር የተከፈለው። ዝናው የመጣው በ1891 አጫጭር ታሪኮቹ ‘ዘ ስትራንድ’ በተባለ ወርኃዊ መጽሔት መውጣት ሲጀምሩ ነው። ታሪኩ በዚያው እትም ያልቃል፤ መርማሪው ግን በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። በ1893 ደራሲው ሆልምስን ገደለው። አንባቢው ግን አልተወውም፤ በ1903 መልሶ አስነሣው።”

“ምኑን ነው እንዲህ የወደዱለት?”

“አስተዋይነቱን። ዶይል ሐኪም ነበር፤ አካሄዱን የወሰደው ኤድንብራ ካስተማረው ከዶክተር ጆሴፍ ቤል ነው። ቤል በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ሥራውንና የመጣበትን ይናገር ነበር። አንዱን ታሪክ ልንገርሽ። የውድድር ፈረስ በሌሊት ከጋጣው ይጠፋል። ሌላው ሰው የታየውንና የተሰማውን ሲለቅም፣ ሆልምስ ያልተሰማውን ያነሣል፤ ውሻው ለምን አልጮኸም? ፍንጩ ለአንባቢውም ተሰጥቶት ነበር፤ ልብ ሳይለው አለፈ እንጂ።”

ተማሪዋ ግን አልረካችም። “ይኼማ እንቆቅልሽ ነው፤ አንዴ ከተፈታ አለቀ።”

“ልክ ነሽ፤ ብልሃት ብቻውን መቶ ዓመት አያሻግርም” አሉና ወደ 1860 መለሷት።

በዚያ ዓመት በእንግሊዝ፣ በዊልትሻየር ገጠር፣ በአንድ የተከበረ ቤተሰብ መኖሪያ፣ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተገድሎ ተገኘ። ጥርጣሬው መጀመሪያ በሞግዚቷ ላይ ወደቀ። ከለንደን የተላከው የስኮትላንድ ያርድ መርማሪ ጃክ ዊቸር ግን አንድ የሌሊት ልብስ መጉደሉን ይዞ የ16 ዓመቷን የቤቱን ልጅ ኮንስታንስ ኬንትን አሰረ። አገር ተቆጣ፤ እንደ ዊቸር ያለ የአትክልተኛ ልጅ የጨዋ ቤት ጓዳ ገብቶ የልጃገረድ ልብስ ይቆጥራል? ልጅቷ ተለቀቀች፤ የዊቸር ስም ጠፋ። በ1865 ኮንስታንስ መግደሏን ራሷ አመነች።

“ከዚህ በኋላ” አሉ መምህሩ፣ “እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልኪ ኮሊንስ ‘የጨረቃ ድንጋይ’ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። አንድ አልማዝ በሌሊት ከቤት ይጠፋል፤ ፍንጩም ቀለም የነካው የሌሊት ልብስ ነው። ታሪኩን አንድ ሰው አይተርከውም፤ የቤቱ አሮጌ አሽከር፣ ድኻዋ ዘመድ፣ ጠበቃው፣ እያንዳንዱ በተራው ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ይመሰክራል። መርማሪው እንኳ ይሳሳታል። በዚያ የመደብ አገር የአሽከር ቃል ከጌታው ቃል እኩል የሚመዘንበት ገጽ ተገኘ ማለት ነው። ሰው የሚናፍቀው ይኼን ይመስለኛል፤ ጥፋቱ በማስረጃ እንጂ በማዕረግ የማይለይበትን ዓለም።”

“ያ ዓለም ያለው በልብ ወለድ ነዋ! በእውን ንጹሕ ሰው ይታሰር የለም?”

“ይታሰራል። አባቱ ሕንዳዊ ቄስ የሆኑት ጆርጅ ኤዳልጂ የተባለ ጠበቃ በ1903 በሌሊት ከብት አቁስለሃል ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ዶይል ሲያገኘው ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ ወረቀቱን ዓይኑ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። የዓይን ሕክምና ያጠናው ዶይል፣ ይህ ሰው በጨለማ ያን መስክ ሊያቋርጥ እንደማይችል ገባው፤ በጋዜጣም ተሟገተለት። በ1907 ይቅርታ ተደረገለት፤ ካሳ ግን አላገኘም። ጉዳዩ በዚያው ዓመት የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ከገፋፉት አንዱ ሆነ።”

“የኮሊንሱ አልማዝስ የማን ነበር?”

መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የነበረ ይመስላሉ። አልማዙ የሕንድ ቤተ መቅደስ ንብረት ነው። በ1799 የእንግሊዝ ጦር የሕንዷን ከተማ ሴሪንጋፓታምን ሲዘርፍ አንድ መኮንን ሰው ገድሎ ወሰደው፤ ሦስት ብራህማን ካህናትም ሊያስመልሱት እስከ እንግሊዝ ተከተሉት። ልብ ወለዱ በቻርልስ ዲክንስ መጽሔት በየሳምንቱ የወጣው ከጥር እስከ ነሐሴ 1868 ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ታቦቱን፣ ዘውዱንና ብራናውን የዘረፈው በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ በእኛ 1860 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊ አንባቢ ስለ ተዘረፈ ቅዱስ ንብረት በጉጉት በሚያነብበት ወር ሌላ ቅዱስ ንብረት በዝሆንና በበቅሎ ይጫን ነበር።

“አልማዙ ይመለሳል?”

“በመጨረሻው ገጽ በሕንዱ አምላክ ምስል ግንባር ላይ ታገኚዋለሽ። የመቅደላ ብራናዎች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩት ዛሬም ለንደን ናቸው።”

“በየትኛው ልጀምር?”

“ለአንድ ምሽት ከሆነ በፈረሱ ታሪክ። ጊዜ ካለሽ ‘የጨረቃ ድንጋይ’ን ያዢ፤ መቅድሙን ግን እንዳትዘይው። አልማዙ መጀመሪያ የተሰረቀው እዚያ ነው።”