ትምህርት አሥራ ሁለት፦ በፀሐይ ኃይል የሚበራ የውሃ ውስጥ መብራት እንዴት ይሞከራል?

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በየቡድናችሁ ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1. ቀጥ ያለ በትር ግማሹ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ መስሎ የሚታየው ለምንድን ነው?
2. ኤሌክትሪክና ውሃ ቢገናኙ ምን አደጋ ይደርሳል?
3. አንድ ዕቃ ሻጩ የተናገረለትን ያህል የሚሠራ መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ?

ለ. ምንባብ

በሞቃት አገሮች፣ ለምሳሌ በዩናይትድ ስቴትስ በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ፣ እንዲሁም በአውስትራሊያ፣ በመኖሪያ ቤት ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ማሠራት የተለመደ ነው። ቀኑን በሐሩር ሲንገላታ የዋለ ቤተሰብ ማታ ወደ ገንዳው ወርዶ መቀዝቀዝን ይወዳል። ነገር ግን ጀንበር ስትጠልቅ ያ ሰማያዊ ውሃ ወደ ጥቁር መስተዋት ይለወጣል። ከዳር ለቆመ ሰው የሚታየው የቤቱ አምፑል ነጸብራቅ ነው እንጂ ከውሃው ሥር ያለው ነገር አይደለም።

ይህ ጉዳይ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ወደ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በዩናይትድ ስቴትስም ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሚሆናቸውን ሕፃናት በመግደል ረገድ መስጠምን የሚስተካከል ምክንያት የለም። ስለዚህ ስለ ገንዳ መብራት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ያምራልን?» የሚለው ሳይሆን «የገንዳው ወለል ይታያልን?» የሚለው ነው።

የገንዳ መብራት ከከተማው የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ሆኖም ይህን ሥራ የሚሠራው ሙያ ያለው ሰው ብቻ መሆን አለበት። ምክንያቱም ከመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከ120 እስከ 240 ቮልት የሚደርስ በመሆኑ ሽቦው ቢላጥ ወይም ውሃ ቢገባበት በውሃው ውስጥ ያለውን ሰው ጡንቻው እንዳይታዘዝለት ሊያደርገው፣ ብሎም ሊገድለው ይችላል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት ትንንሽ መብራቶች ግን በጥቂት ቮልት ብቻ የሚበሩ ስለሆኑ ይህ ሥጋት የለባቸውም። ገመድ መቅበርና ግድግዳ መብሳት አያስፈልጋቸውም። ተወዳጅ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

የእነዚህ መብራቶች አሠራር ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ እንደሚችል ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድመን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 አሳየ። ለሥራ የሚበቃው ከሲሊኮን የተሠራ የፀሐይ ባትሪ የተገኘው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቤል የምርምር ተቋም ነው። ይህም ከወደቀበት የፀሐይ ኃይል ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ስድስት በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚገኙት ሰሌዳዎች ከሃያ በመቶ በላይ ይለውጣሉ። ሰሌዳው ቀን ያገኘውን ኃይል ለባትሪው ይሰጣል፤ ሲመሽ ባትሪው ኤል ኢ ዲ የተባለውን ጥቂት ኃይል የሚፈጅ አምፑል ያበራል። ጨለማ መሆኑን የሚያውቀውም ያው ሰሌዳው ነው፤ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲያቆም መብራቱ እንዲበራ ተደርጎ ተሠርቷል።

መብራቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰሌዳው በራሱ ላይ ያለና በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ሁለተኛው ግን ሰሌዳው በየብስ ላይ ተተክሎ፣ አምፑሉ በቀጭን ገመድ ተያይዞ ውሃው ውስጥ የሚገባ ነው። ሁለቱን ለማወዳደር ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚያሳየውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ መንገዱ ይሰበራል። በዚህም የተነሣ ከላይ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ገንዳው ከእውነተኛው ጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ይታየዋል። ሁለት ሜትር የሚጠልቀው ገንዳ አንድ ሜትር ተኩል ይመስለዋል ማለት ነው። ዋና የማያውቅ ልጅ «እደርሳለሁ» ብሎ የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መብራት ደግሞ ይህን ስሕተት አያርመውም፤ ስለዚህ የጥልቀቱ ልክ በገንዳው ዳር በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ ከውሃ ውስጥ የተነሣ ብርሃን የውሃውን ገጽ በጣም አግድም ሆኖ ከመታው ወደ አየር አይወጣም። ከቁም መስመር 49 ዲግሪ ያህል ካለፈ ሙሉ በሙሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። በመሆኑም በገንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አግድም የሚያበራ መብራት አብዛኛውን ብርሃኑን ለገንዳው ያስቀርለታል። ወለል ላይ ተቀምጦ ሽቅብ የሚያበራው ግን ብርሃኑን ወደ ሰማይ ያባክናል፤ የተመልካቹንም ዓይን ያጭበረብራል።

ሦስተኛ፣ ውሃ ቀለሞችን ሁሉ እኩል አያሳልፍም። ቀይ ብርሃን ሁለት ሜትር ብቻ ተጉዞ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በውሃው ይዋጣል፤ ሰማያዊው ግን በዚያው ርቀት የሚጎድለው እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ቀለማቸውን እየለዋወጡ የሚበሩት መብራቶች ለግብዣ ማታ ያምሩ ይሆናል እንጂ ቀይ በሚሆኑበት ጊዜ ከገንዳው ማዶ ያለውን ነገር በደንብ አያሳዩም።

አሁን ወደ ሙከራው እንለፍ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ መብራቱ ሰው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በባልዲ ይፈተናል። መብራቱን አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቆይቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ወደተሞላ ባልዲ ማስገባትና እስከ ማግሥቱ መተው ነው። በመብራቱ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሲኮማተርም በላስቲኩ ማሸጊያ ላይ ቀዳዳ ካገኘ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በማግሥቱ ከመስተዋቱ ሥር ጉም ወይም ጠብታ ከታየ መብራቱ ለገንዳ አይሆንም። በዕቃው ላይ «አይ ፒ 68» የሚል ምልክት መኖሩን ማየትም ይጠቅማል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ስምንት ቁጥር ዕቃው ውሃ ውስጥ ዘወትር ለመቆየት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

ከባልዲው ፈተና በኋላ የሰሌዳው ቦታ ይመረጣል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባለ አገር ሰሌዳው ወደ ደቡብ፣ በስተደቡብ ባለ አገር ደግሞ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። በ33 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በምትገኘው በአሪዞናዋ የፊኒክስ ከተማ ማዘንበሉ ጉልህ መሆን አለበት። በ9 ዲግሪ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን ሰሌዳው ሊጋደም ምንም አይቀረው፤ ዝናም አቧራውን እንዲያጥበው ያህል ጥቂት ማዘንበል ይበቃዋል። የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበትም መጠንቀቅ ያሻል፤ የሰሌዳው ክፍሎች በአንድ መስመር ተቀጣጥለው የተሠሩ ስለሆኑ በአንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የሁሉንም ኃይል ይቀንሳል። የሚንሳፈፈው መብራት ድክመት እዚህ ላይ ይታያል፤ ነፋስ ወዳሻው ስለሚገፋው ከጥላ ሥር ሊውል፣ ማታም ብርሃን በማያስፈልግበት ጥግ ሊያድር ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ ስሌት ነው። ሰሌዳው 1.5 ዋት የሚያመነጭ ቢሆንና ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ 1.5 በ6 ሲባዛ 9 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሲሞላና ሲወጣ አንድ ሦስተኛው ባከነ ብንል 6 ዋት-ሰዓት ይተርፋል። አምፑሉ ግማሽ ዋት የሚፈጅ ከሆነ 12 ሰዓት ይበራል፤ ሌሊቱን ያነጋል ማለት ነው። ደመና በዋለበት ቀን ሰሌዳው ያንን ሲሶ ብቻ ቢያገኝ ግን መብራቱ ከአራት ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ደግሞም ግማሽ ዋት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። በመስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ 30 ዋት የሚፈጅ የገንዳ መብራት ቢወዳደር ከዚህ ስልሳ እጥፍ ኃይል አለው።

የመጨረሻው ፈተና ዋነኛው ነው። ገንዳው ባዶ፣ ውሃውም ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሳሕን በጥልቁ ቦታ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ሲመሽ የቤቱ መብራት ይጠፋና ሞካሪው በአራቱም ማዕዘን ቆሞ ይመለከታል። ነጩ ሳሕን ብቻ ከታየ ፈተናው አልታለፈም፤ በውሃ ሥር የወደቀ ሰው ነጭ ሳሕን አይደለምና። ጥቁሩም ከአራቱ ማዕዘኖች ሁሉ ከታየ በዚያ ብርሃን የገንዳው ወለል ይታያል ለማለት ይቻላል። ምልከታው መብራቱ እንደበራና ከአራት ሰዓት በኋላ ተደግሞ፣ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ሌሊት ይካሄዳል፤ የበራበትና የጠፋበት ሰዓት፣ የቀኑም የአየር ጠባይ ይመዘገባል። አንድ ሌሊት ብቻ ያየ ሰው መብራቱን ሳይሆን የዚያን ቀን ፀሐይ ብቻ መዝኗል።

ታዲያ ፈተናውን ያላለፈ መብራት ይጣላልን? አይጣልም። የገንዳውን ጠርዝና መውረጃ ደረጃውን ለይቶ ለማሳየት፣ በጨለማ የሚያልፍ ሰው ውሃ መኖሩን እንዲያውቅ ለማድረግ ይጠቅማል። ነገር ግን ሰው በዚያ ብርሃን ሊዋኝበት አይገባም። ወለሉ የማይታይ ገንዳ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ አይዋኙበትም። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን አጥርን፣ የተቆለፈ በርንና የአዋቂን ዓይን ሊተካ አይችልም። መብራት የሚያሳየው ለሚመለከት ሰው ነው፤ የሚመለከት ከሌለ የበራውም እንዳልበራ ነው።

ይህ እውቀት ከባለጠጎች ጓሮ አልፎ ይሄዳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በታንዛኒያ ዳጋ፣ በኬንያ ኦሜና፣ በኡጋንዳ ሙኬኔ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ዓሣውን በብርሃን ይስባሉ። ለረጅም ዘመን ይህን ያደርጉ የነበረው ነጭ ጋዝ በሚያነድ ፋኖስ ነው፤ ለጋዙ የሚያወጡት ገንዘብም ከገቢያቸው ብዙውን ይወስድባቸው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት የያዙ ጀልባዎች ታይተዋል። በገንዳ ዳር የተነሡት ጥያቄዎች፣ ማለትም ውሃ ይገባበታልን? እስከ ንጋት ይበራልን? ብርሃኑ የሚፈለግበት ቦታ ይደርሳልን? የሚሉት፣ በሐይቁም ላይ ያው ናቸው። ልዩነቱ በሐይቁ ላይ መብራቱ እኩለ ሌሊት ላይ ቢጠፋ የሚጎድለው የቤተሰብ እንጀራ መሆኑ ነው።

ሐ. መልመጃ አንድ፦ የግንዛቤ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት በማድረግ በጽሑፍ መልሱ።

1. መብራቱ በባልዲ ከመፈተኑ በፊት ፀሐይ ላይ የሚቆየው ለምንድን ነው?
2. ወለል ላይ ተቀምጦ ሽቅብ የሚያበራ መብራት ምን ሁለት ጉድለት አለው?
3. ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ከላይ ለሚመለከት ሰው ምን ያህል ጥልቀት ያለው ይመስላል?
4. ሰሌዳው 2 ዋት፣ ፀሐዩ 6 ሰዓት፣ ብክነቱ አንድ ሦስተኛ፣ አምፑሉ 1 ዋት ቢሆን መብራቱ ስንት ሰዓት ይበራል?
5. «አንድ ሌሊት ብቻ ያየ ሰው መብራቱን ሳይሆን የዚያን ቀን ፀሐይ ብቻ መዝኗል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

መ. መልመጃ ሁለት፦ ቃላት

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በያዙት ፍች መሠረት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ሐሩር፣ ነጸብራቅ፣ ይኮማተራል፣ ያዘነብላል፣ ብክነት፣ ጉልህ

ሠ. መልመጃ ሦስት፦ ሰዋስው

«ይህ ጉዳይ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ ያስባል። በዚሁ አቀራረብ ስለ ውሃ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጥንቃቄ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

ረ. መልመጃ አራት፦ ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የሚገኝ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ለምሳሌ ፋኖስ፣ ምድጃ ወይም የውሃ ማጣሪያ። ዕቃው ተገቢውን አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን በምን ዓይነት ሙከራ እንደምታረጋግጡ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ ፈተናውን ባያልፍ ለምን አገልግሎት ሊውል እንደሚችል፣ ለምንስ ሊውል እንደማይገባ ግለጹ።