የመጽሐፍ ሥራ ጥበብ ለሠዓሊና ለደራሲ ምን በር ይከፍታል?



ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ስታነቡ ከሁሉ በፊት ዓይናችሁ የሚያርፈው ከላይ ባለው የርእስ ጽሕፈት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህን ርእስ ሲጽፍ ከነበረው ሠልጣኝ ጀርባ ቆሜ ለጥቂት ጊዜ አየሁት። ማስመሪያ አልያዘም፤ በእርሳስም አልነደፈም። ፊደሎቹ ግን እግራቸው እኩል፣ ትከሻቸው እኩል ሆኖ ይወጣል። የት እንደ ተማረ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ የኔታ ነው ያስተማሩኝ፤ ብራናም ትንሽ ሞክሬአለሁ» አለኝ። እንዳፈረ ሁሉ! ከዚያም ቀና ብሎ «ለመሆኑ መምህር፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁት ይህን ጽፌአለሁ።

በመሠረቱ የመጽሐፍ ሥራ ጥበብ ስንል ድርሰቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። ጽሑፉ የሚጻፍበት ነገር፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የገጹ አከፋፈል፣ ሥዕሉ፣ ስፌቱና ሽፋኑ ሁሉም በአንድ ሐሳብ ተያይዘው ሲሠሩ ነው። በሌላው ዓለም መጽሐፉን ራሱን እንደ አንድ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚያዩ ሠዓልያን አሉ፤ እንደ ሐውልት ወይም እንደ ሸራ ሥዕል ያሳዩታል፤ ይሸጡታልም። ለምሳሌ ያህል በኒውዮርክ ከተማ በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመ የመጽሐፍ ጥበብ ማዕከል አለ። ለጀማሪ ሠዓልያን የሥራ ቦታና ጊዜ ይሰጣል። እኛ ግን ይህን ከእነሱ የምንማርበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም። ጥበቡ በደጃችን ነው።

ወደ ጃናሞራ የሄዳችሁ ደረስጌ ማርያምን ታውቋታላችሁ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ታሪክ ሁላችንም እናስተምራለን። የግድግዳውን ሥዕልና የዕቃ ቤቱን መጻሕፍት ግን ስንቶቻችን አንስተን እናውቃለን? ዶሮቴያ ማክዩን የተባሉ ተመራማሪ ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ሥዕልና ንብረት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከለንደን ተነሥተው ተራራውን ወጥተው ያዩትን ነገር እኛ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሆነን አላየነውም።

እዚያው ደረስጌ የነገሡት ንጉሥ በኋላ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው መጻሕፍት አሰባሰቡ፤ አብዛኛው ከጎንደር አድባራት የተወሰደ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚህ ውስጥ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተጋዙ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ይህን ያነሣሁት ለቁጭት ብቻ አይደለም። አንድ የእጅ ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ሌሎች ምን ያህል እንደ ፈለጉት ማየት አንዱ መንገድ ስለ ሆነ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ዕጩ መምህር የአገሩን መጽሐፍ አሠራር ቢያንስ በቃል ሊያስረዳ ይገባዋልና። ብራና ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፍየል ቆዳ ነው፤ ከበግም ይሠራል። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያም በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ እንደ ተወጠረም ይደርቃል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህ ቆዳ ማልፋት አይደለም። የጫማ ቆዳ ይለፋል፤ ብራና ግን ብራና የሚሆነው ተወጥሮ በመድረቁ ነው። ለዚህም ነው ውኃ ሲነካው ተመልሶ የሚኮማተረው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ቁራጭ ብራና ውኃ አንጠባጥባችሁ ብታሳዩ ልጆቹ አይረሱትም። (ቁራጩ ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀደደ እንዳይሆን አደራ!)

ብራናው ሲደርቅ ተቆርጦ ለሁለት ይታጠፋል። ብዙውን ጊዜ አራት እጥፎች አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው ስምንት ቅጠል፣ ማለትም ዐሥራ ስድስት ገጽ ይሆናሉ፤ ይህ አንድ ጥራዝ ነው። ጠርዙ በወስፌ ይበሳና በቀዳዳው ልክ በደነዘ ብረት ይሰመራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ብራናው ላይ የሚቀረው ሰርጎድ ያለ ምልክት ብቻ ነው። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ እስኪከስል ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ይቀመማል። ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይቆያል። ከተጻፈና ከታረመ በኋላ ጥራዞቹ ተሰፍተው ከወይራ ወይም ከዋንዛ ገበታ ጋር ይያያዛሉ። ገበታው ቆዳ ይለብስና በጋለ ብረት እየተተኮሰ መስቀልና ሐረግ ይወጣበታል፤ ይህ መደጎስ ይባላል።

ደራሲ መሆን ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የዳዊት መዝሙር በብራና ሲጻፍ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር እንዲያልቅ ይደረጋል። መስመሩ ካልበቃ ጸሐፊው ፊደሉን ያሳንሳል፤ ወይም የቀረውን ከላይ ወይም ከታች ይሸጉጠዋል። ከየዐሥሩ መዝሙር በኋላ ሐረግ ይጣላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ውዳሴ ማርያም ግን በሁለት ዓምድ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። አንባቢው ቦታውን ቶሎ እንዲያገኝ፣ ትንፋሹንም ከስንኙ ጋር እንዲያስተካክል ነው። የገጽ አወጣጥ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ዛሬ የሚታተሙ የልጆች መጻሕፍት ቃሉን ከመካከሉ ቆርጠው ወደሚቀጥለው ገጽ ሲወስዱት ሳይ ይቆጨኛል።

ከጥራዙ ሌላ ሁለት የመጽሐፍ ዓይነቶች አሉን። አንደኛው በደብተሮች እጅ የሚጻፈው ጥቅል ክታብ ነው፤ በባህሉ ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል። አንድ ቆዳ ስለማይበቃ የብራና ቁራጮች እየተሰፉ ይቀጠላሉ። ትልልቅ ዓይኖችን፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትንና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦችን እዚያ ታገኛላችሁ። በሚባለው ነገር ማመን አለማመን የየራሳችሁ ነው፤ ሥዕሉን ግን እዩት። ሁለተኛው ሰንሱል ይባላል፤ እንደ ሰንሰለት እየታጠፈ የሚዘረጋ፣ አብዛኛው ሥዕል የሆነ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ እንጀራ ይሆናል ወይ?

አዎን ይሆናል፤ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በቀላሉም አይደለም። በአገራችን ሠዓልያን ከዚህ ምንጭ ቀድተው ስም አትርፈዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ከክታብና ከብራና ጥበብ ብዙ ወስዷል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ቁርጥራጭ ላይ ሲሥል ከክታቡ ቅርጽ አልራቀም። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የአማርኛን ፊደል ራሱን የሥዕሉ መሠረት አድርጎ በአሜሪካን አገር ታውቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሐመረ ብርሃን በሚባል ተቋም ካህናትና ምእመናን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብራና እየፋቁ መጻሕፍትን በእጅ ይገለብጣሉ። በደቡብ ጎንደር ገጠር ያሉ ቁም ጸሐፊዎችን አሠራር ጆን ሜለርስና አን ፓርሰንስ የተባሉ ሰዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበውታል። ከእነሱ በፊትም ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አበርክተዋል። የፊደል ሥራ ደግሞ ወደ ኮምፒዩተርም ገብቷል። አቢሲኒካ የተባለው ፊደል የተቀረጸው የእጅ ጽሕፈታችንን ወግ ተከትሎ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ለዚህ ሥራም ይፈለጋል።

በልጆች መጻሕፍት በኩል ያለው ቦታ ከሁሉ ሰፊ ነው እላለሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እጥረት አሳስቧቸው በሁለት ቋንቋ መጽሐፍ አዘጋጁ። ወደ አገር ተመልሰውም በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም በአዋሳ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። አህያ በእኛ አገር ጠፍቶ ያውቃል? የእኛ አገር ልጅ ጭላዳን፣ ዋልያንና ጅብራን በየቀኑ ያያል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ አንበሳና ዝሆን ነው። ደባርቅ ደግሞ የስሜን ተራሮች ፓርክ በር ናት። የሚመጣው እንግዳ ከዚህ ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልጋል፤ ጭላዳ የተሣለበት በእጅ የተሠራ ሰንሱል ቢያገኝ አይገዛም ትላላችሁ?

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው፤ ለእንግዳ የሚሸጥ ነገር አዲስ የተሠራና አዲስ መሆኑ የተነገረለት ይሁን። ብራናን በጭስ አጥኖ «የጥንት ነው» ማለት ማታለል ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከእውነተኛ ጥንታዊ መጽሐፍ ሥዕል ያለበትን ቅጠል ቀድዶ መሸጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ያ ቅጠል ተመልሶ አይሰፋም።

ሁለተኛው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ አሳታሚ ለማንበቢያ መጽሐፍ የሚሆኑ ሥዕሎች አዘዘኝ። በቃል ተስማማን፤ ሃያ ሦስት ሥዕል ሠርቼ አስረከብኩ። ጥቂት ገንዘብ ተሰጠኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ስሜ የለበትም፤ በኋላም ሥዕሎቹ በሌላ መጽሐፍ ገብተው አየኋቸው። ለመጠየቅ ሄድኩ። «ወረቀት አለህ?» ተባልኩ። አልነበረኝም። ዛሬ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የሥራው አመንጪ የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። ሕጉ እያለም ግን ያልተጻፈ ስምምነት ለክርክር ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ከማስረከባችሁ በፊት ስማችሁ በመጽሐፉ ላይ እንደሚወጣ፣ ለስንት እትም እንደሚያገለግል፣ ዋናው ሥዕልም ለማን እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ለወንድማችሁ ቢሆንም!

አሁን ወደ ሰንሱሉ። ብራና አያስፈልግም፤ ወፍራም የቻርት ወረቀት ይበቃል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጡ። መጀመሪያ ለሁለት እኩል እጠፉት፤ እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለሁለት። ስምንት ክፍል፣ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። እጥፋቱን አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። በሁለቱ ጫፎች ጀርባ ላይ የካርቶን ገበታ ለጥፉ። ከፊት ስምንት፣ ከጀርባ ስድስት፣ በድምሩ 14 ገጽ አላችሁ። በፊቱ ላይ ተረቱን፣ በጀርባው ሥዕሉን ማድረግ ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግን ሥዕልና ጽሑፍ ፊት ለፊት ሲሆኑ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ወረቀቱን እየገለበጠ ሲያነብ ቃሉ ይጠፋበታል። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከአራት እስከ ስድስት ልጆች ባንድ ጊዜ ያዩታል፤ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ በሚደርስበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አከፋፈሉም የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ።

ከላይ ያነሣሁት ሠልጣኝ የጋዜጣውን ርእስ መጻፉን ይቀጥላል። በተጨማሪም ዐርብ ከምሳ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ፊደል አጣጣል ሊያሳየን ተስማምቷል፤ እኔም ከተማሪዎቹ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። መቀስ፣ ሙጫና አሮጌ ካርቶን ያለው ይዞ ይምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሰንሱሎች እዚሁ ከጋዜጣው ጎን ይንጠለጠላሉ፤ የሠሪውም ስም ይጻፍባቸዋል።