ቢል የመሰለው ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ አለኝ። «የድረ ገጽዎ ስም ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ ፈጥነው ያድሱ» የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጣልኝ። ስሙም ቀኑም ልክ ነው። ልክፈል?

መልስ፦ እንዳይከፍሉ። መጀመሪያ ደቃቁን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» የሚል መስመር ሳያገኙ አይቀሩም። ቢል መሳይ ማስታወቂያ በፖስታ የሚልክ ይህን ጎልቶ እንዲታይ አድርጎ መጻፍ እንዳለበት የአሜሪካ ሕግ ያዛል።

ቀኑን ማወቃቸው አያስደንግጥዎት። ሁኢዝ የሚባለው ክፍት መዝገብ ለዓመታት የባለቤቱን ስምና አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ ሲያሳይ ኖሯል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙው ቢሸፈንም የማለቂያው ቀን ዛሬም ይታያል።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ «እድሳት» ያሉት ዝውውር ነው። ከፈረሙ ስሙን ካስመዘገቡበት ድርጅት ወደ እነሱ እንዲያዛውሩት ፈቀዱ ማለት ነው፤ ያውም በውድ ዋጋ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2003 እ.ኤ.አ. «ዶሜይን ሬጂስትሪ ኦፍ አሜሪካ»ን የከሰሰው በዚሁ ዘዴ ነበር። ደብዳቤው ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አልቆመም።

ባለፈው ዓመት ለማን እንደከፈሉ ከኢሜይልዎ ወይም ከካርድ መግለጫዎ ይፈልጉ። (ድረ ገጹን የሠራልዎ የእህት ልጅ ከሆነ እሱን ይጠይቁት፤ ስሙን በራሱ አካውንት አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል።) የዚያን ድርጅት አድራሻ ራስዎ ጽፈው ይግቡና ቀኑን ያረጋግጡ፤ የዝውውር መቆለፊያውም መሥራቱን ይዩ።

ቼክ ልከው ከሆነ ዛሬውኑ ባንክዎ ደውለው ያሳግዱት።