አራት መሥሪያ ቤት በአምስት ዓመት

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ከተመረቅሁ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ አራተኛ መሥሪያ ቤቴ ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ጋ 2 ዓመት ከ3 ወር ቆይቼ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣሁ። ሁለተኛው ጋ 9 ወር ብቻ፣ እስከ ግንቦት። ሦስተኛው ደመወዝ እያዘገየ ስላስቸገረኝ በ1 ዓመት ከ1 ወር፣ ሰኔ ላይ ለቀቅሁ። አሁን ያለሁበት 8 ወር ሆነኝ። በ3,000 ብር የሚበልጥ ሥራ አግኝቼ ሚያዝያ ላይ ጀምሪ ተብያለሁ። በቅርቡ ግን አንድ ፈታኝ «አንቺ እኛም ጋ አትቆዪም» አለኝ። የ9 ወሩን ከሲቪዬ ላውጣው? አዲሱንስ ልቀበል?

መልስ፦ እህቴ፣ የፈታኙ ቃል ልብሽን እንደነካው ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። እኔም በሰው ሀብት ክፍል ሥራ ስጀምር እንደሱው ነበርኩ። ማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ የምቆጥረው መሥሪያ ቤቶቹን ነበር፤ ከሦስት ካለፉ ወደ ጎን። ስንቱን ጎበዝ እንዳሳለፍኩ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። የቤት ኪራይና አስቤዛ እንዲህ በናረበት ጊዜ ብዙ የግል ድርጅት ጥሩ ደመወዝ የሚያቀርበው ለአዲስ ገቢ እንጂ ለነባሩ አይደለም። ወጣቱ ጭማሪ ፍለጋ ቢወጣ አልፈርድበትም።

እኔን ያሳሰቡኝ ወሮቹ ናቸው። ነሐሴ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። በሌላ ሙያ ብትሆኚ ወር አልቆጥርብሽም ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ የዓመት ድካም ግን የሚለካው ሰኔ 30 ሲመጣ ነው። የንብረት ቆጠራው፣ የባንክ ማስታረቂያው፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ዝርዝሩ፣ የኦዲተሩ ጥያቄ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል፤ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ደግሞ ዓመታዊ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት። አንቺ ሦስቴም የወጣሽው ወይ በዚህ ሥራ ዋዜማ ወይ በመሃሉ ነው። አስበሽበት እንዳልሆነ አምናለሁ። ሲቪሽን የሚያነብ የፋይናንስ ኃላፊ ግን «ይህች ልጅ ሂሳብ ዘግታ ታውቃለች?» ማለቱ አይቀርም። ታውቂያለሽ! የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሁለት የመዝጊያ ወቅት አሳልፈሻል። ከድርጅቱ ስም ሥር የየትኛውን ዓመት ሂሳብ እንደዘጋሽ፣ ከኦዲተሩ ጋር ምን እንደሠራሽ ጻፊ።

የ9 ወሩን አታውጪው። ብታወጪው ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትተሽ የተቀመጥሽ ትመስያለሽ፤ ልምድሽም ይጎድላል። ደግሞም አይደበቅም፤ ለነዚያ ወሮች ከአንቺ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በስምሽ መግባት ነበረበት። ለምን እንደወጣሽ ሲጠይቁሽ እውነቱን ባጭሩ ንገሪያቸው። ስለ ሦስተኛው «ደመወዝ በወቅቱ አይከፈልም ነበር» ካልሽ ይበቃል፤ የባለቤቱን ጠባይ መዘርዘር ውስጥ አትግቢ። ፈታኙ «ነገ ስለ እኛም እንዲህ ትላለች» ብሎ ይሰጋል።

ወደ አዲሱ ሥራ ልምጣ። ደመወዝሽ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነና 3,000ው በሙሉ የመሠረታዊ ደመወዝ ጭማሪ ከሆነ፣ 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ተቀንሶ እጅሽ የሚገባው 1,740 ብር ነው። በዚህ ለውጥ እንደገና የሙከራ ጊዜ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ብቁ አይደለሽም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። እኔ ብሆን በሚያዝያ አልሄድም። ለአዲሱ ቀጣሪ «የያዝኩትን ሂሳብ ዘግቼ በኅዳር ልምጣ» በይው። ከተስማማ መልካም፤ ካልተስማማ አሁን ያለሽበት ቆይተሽ ዝጊና ሌላ ፈልጊ። ኪራይ መክፈል አቅቶሽ ግድ ከሆነብሽ ግን ሂጂ፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን በጽሑፍ ስጪ፣ ያልተታረቀውንና ያልተሰበሰበውን ለይተሽ በፊርማ አስረክቢ፣ ክሊራንስሽን ያዢ።

አንድ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ደመወዝ የሚያዘገየው ድርጅት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሰጥቶሻል? የሥራውን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ ሕግ ያስገድደዋል። ካልሰጠሽ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ጠይቂ።