ፋጉሎ ሲሻግት ወተቱ ላይ ይወጣል

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ መርምሮ ነበር። በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠ የተገኘባቸው 9ኙ ብቻ ናቸው። ዋናው ተጠያቂ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ፋጉሎ ሲገዙ ነው።

ሲገዙ መቼ እንደተጨመቀ ይጠይቁ። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ቁራጩን ይሰብሩት፤ ከላይ ደህና መስሎ መሃሉ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሆነ ብዙ ነው። የታፈነ ሽታ ካለው ይተዉት። ይህን ሁሉ አልፎም ቢሆን ዋስትና የለም፤ መርዙ ራሱ አይታይም፣ አይሸትም። ዋጋው ረክሷል ብሎ ለክረምቱ በሙሉ ማከማቸት የሚያዋጣ አይመስለኝም። የሁለት ሳምንቱን ገዝቶ ትኩሱን መመገብ ይሻላል።

በቆሎ ከሆነ እርጥበቱን በጨው መፈተሽ ይቻላል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረው ይነቅንቁ፤ ጥቂት ቆይተው ይመልከቱ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና እንደገና ይሰጣ። ለማከማቸት 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

ጆንያውን ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም አርቀው ይደርድሩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ያልባል፤ ጠብታው የሚያርፍበት ጆንያ ቀድሞ ይሻግታል። ይህን ፈርቶ በላስቲክ ጥፍንግ አድርጎ መሸፈን ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ የመመገቢያው ገንዳ ጥግ የተጋገረው ትራፊም በየቀኑ ይጠረግ።

የሻገተውን ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ሻጋታው ይደርቃል እንጂ መርዙ አይወጣም። «ለዶሮ ይሁን» የሚባለው ነገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዶሮዋ ጉበቷ ይጎዳል። ከጥሩው ጋር መደባለቅም ጥሩውን ማበላሸት ነው። ከብት በማይደርስበት ቦታ ይቅበሩት።

ላሟ ከበላችው መርዙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወተቷ ላይ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። መኖውን ወዲያው ይቀይሩ። ከአራት ቀን ገደማ በኋላ ወተቱ ይጠራል፤ እስከዚያ የታለበው ለሕፃንም ለጥጃም አይሰጥ፣ ለገበያም አይቅረብ።