እንስሳት ለሕሙማን ስለሚሰጡት ርዳታ

ሐኪም በሽተኛውን «ድነሃል» ብሎ ካሰናበተው በኋላም ገና ያልዳነ ነገር ይቀራል፤ እግሩ መርገጥን፣ ልቡም ከሰው መቀላቀልን እንደገና መልመድ አለበት። ለዚህ ሁለተኛ ትምህርት እንስሳት አጋዥ ሆነው ተገኝተዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1796 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ከተማ፣ ዊልያም ቱክ በከፈተው የአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ ግቢ ጥንቸልና ዶሮ ይረቡ ነበር። በሽተኛው ከእርሱ የደከመውን ፍጡር ሲንከባከብ ራሱን መግዛት ይለምዳል ተብሎ ታስቦ ነው። በ1962 ደግሞ ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከሰው የሚሸሽ ሕፃን በውሻ አማካይነት ወደ ሐኪሙ እንደሚቀርብ ጻፈ።

የፈረስ ርዳታ ግን የበለጠ ያስደንቃል። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በ1944 በፖሊዮ ተመትታ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች፤ ሆኖም በሰው ድጋፍ እየተፈናጠጠች በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳልያ አገኘች። ፈረስ ሲራመድ የተቀማጩን ዳሌ የሚያንቀሳቅሰው ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚንቀሳቀሰው ስለሆነ፣ የወገብን ጡንቻና የሰውነትን ሚዛን ያለማምዳል።

እንግዲህ ይህ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለሻምቡ ምን ይጠቅማል? ውሻን ወደ ሆስፒታል አልጋ እናቅርብ ብንል ሰሚ አናገኝም፤ በእኛ ዘንድ ውሻ የደጅ ዘበኛ ነውና። ፈረስና ከብት ግን የወለጋ ሰው ክብር ናቸው፤ የሆሮ ከብትና የሆሮ በግ እንኳ የሚጠሩት በአገሩ ስም ነው። ከአእምሮ ሕመም አገግሞ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው ቤተ ዘመዱ አዝኖለት ሥራ ሁሉ ቢያስጥለውና ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ርኅራኄው ራሱ ሌላ በሽታ ይሆንበታል። ጥጃ ጠብቅ፣ በግ አብላ ቢባል ግን የሚፈልገው ፍጡር እንዳለ ያውቃል፤ በማለዳም የሚነሣበት ምክንያት ያገኛል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያሻል። እንስሳ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ያልተከተበ ውሻ የእብደት በሽታን፣ ያልተፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳን ሊያመጣ ይችላል። በዴዴሳ ሸለቆም ገንዲ ከብቱንና ፈረሱን ይጎዳል። ስለዚህ የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም አብረው ሊመክሩ ይገባል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም የሚያስተምር ስለሆነ፣ ምክሩ ከዚያ ቢጀመር መልካም ነው እንላለን።